ማሽላ ሲጣራ ሌባም ይሰማል

ጆሯችሁን ስጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ ከመሬት በታች ስለሚፈጸም ስርቆት ነው። ሌባውን የቆላ ገበሬ በስሙ ያውቀዋል፤ ሲሰርቅ ግን አንድም ቀን አላየውም። እጁን ከአፈር በታች እንዴት እንደሚሰድ ለማወቅ የኢንዲያና፣ የኦሳካ፣ የናጎያ፣ የቶሮንቶና የቤጂንግ ተመራማሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ደክመዋል። ከድካሙ መካከል ላይ ደግሞ ከምዕራብ ሸዋ መንደር የተነሣ አንድ የእኛው ሰው አለ። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነውና ልብ በሉልኝ።

ሌባው አቀንጭራ ይባላል።

ቆቦ ላይ ወይም ሐረርጌ ቆላ ውስጥ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ነገሩን እንዲህ ነው የሚያየው። ዝናቡ ደህና ጥሏል። ቡቃያው ጉልበት ደርሷል። በዚህ መሐል ማሽላው በቀትር ማቀርቀር ይጀምራል። አፈሩን ጫር ሲያደርገው እርጥብ ነው፤ ተክሉ ግን ውሃ እንደ ጠማው ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ ይገረጣል፣ ባለበት ይቀጭጫል። ገበሬው ተባይ ይሆን ብሎ ቅጠሉን እየገለጠ ያያል፤ ምንም የለም። ሳምንታት ቆይቶ ከማሽላው እግር ሥር ሐምራዊ አበባ ብቅ ይላል። ያማረ አበባ ነው፤ ልጅ አይቶ የማያልፈው ዓይነት። አበባው በታየበት ጊዜ ግን ዘረፋው ካለቀ ሰንብቷል። አቀንጭራ ብርሃን ከማየቷ በፊት ሥሯን ከማሽላው ሥር ጋር ሰፍታ፣ ውሃውንም ምግቡንም ስትጠባ ነው የቆየችው። ሌላው ተክል በድርቅ ጊዜ የቅጠሉን ቀዳዳ ዘግቶ ውሃውን ሲቆጥብ እርሷ አትዘጋም። የጃፓኑ የኮቤ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2019 ምክንያቱን አገኙት፤ "ዝጋ" የሚለውን ሆርሞን እንዳትታዘዝ የሚያደርግ የተበላሸ ፕሮቲን አላት። የራሷ ውሃ ስላልሆነ አያሳሳትም።

ዘሯስ? ዓይን በግድ የሚያየው ብናኝ ነው። አንዲት አቀንጭራ በአንድ ክረምት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች። ብናኙ በበሬ ሰኮና፣ በማረሻ፣ በጎርፍ፣ በእህል ጆንያ ከማሳ ማሳ ይሻገራል። አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ገበሬው መሬቱን ጦም ቢያሳድር እንኳ ዘሩ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ይህ ብናኝ ጨለማ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ማሽላ አጠገቡ መብቀሉን በምን ያውቃል? እንደሚያውቅ ጥርጥር የለውም። ስንቁ እጅግ ትንሽ ስለሆነች፣ ከነቃ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠባው ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ያለ ጊዜው አይነቃም። ዓመት ሙሉ ይዝነብበት፣ ዓመት ሙሉ ይታረስ፤ የማሽላ ወይም የበቆሎ ወይም የዳጉሳ ሥር ካልቀረበው ንቅንቅ አይልም። ሥሩ ሲቀርብ ግን ይነቃል።

በ1956 የአቀንጭራ ዘመድ የሆነ አረም አሜሪካ ውስጥ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና የበቆሎ ማሳዎች ላይ ተገኘ። የአሜሪካ መንግሥት ደነገጠ። ኳራንቲን ጣለ፣ ለአሥርታት የማይቆጠር ገንዘብ አፈሰሰ፤ ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ በማሽን ወደ አፈሩ እየነፉ ዘሩን በባዶ ማሳ ላይ አነቁትና ሥር አጥቶ እንዲሞት አደረጉት። እነርሱ ቻሉ። በሬ ጠምዶ ለሚያርስ ሰው ግን ጋዝ መንፋት የማይታሰብ ነው። ያ ድንጋጤ ትቶልን ያለፈው ትልቁ ነገር እውቀት ነው። በ1966 ተመራማሪዎች ዘሩን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል ከሥር ፍሳሽ ለይተው አወጡና ስትራይጎል አሉት። የሚገርመው፣ ያገኙት ከጥጥ ሥር ነው። አቀንጭራ ጥጥን አትጠባም። ታዲያ ጥጥ ይህን ኬሚካል ለማን ብሎ ያመነጫል? ማሽላስ ቢሆን ገዳዩን የሚቀሰቅስ ነገር ከሥሩ የሚያፈሰው ምን ነክቶት ነው?

ጥያቄው ወደ 40 ዓመት ገደማ ያለ መልስ ቆየ።

መልሱ የመጣው በ2005 ከኦሳካ ፕሪፌክቸር ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮኪ አኪያማና ባልደረቦቹ ኬሚካሉ ጥሪ መሆኑን አሳዩ። ከእጽዋት ሥር ጋር ተሳስረው የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። ቀጫጭን ክሮቻቸውን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ይዘረጉና ፎስፈረስ ለቅመው ለተክሉ ያቀብላሉ፤ ተክሉም ስኳር ይከፍላቸዋል። ውሉ ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ ነው። ማሽላው ሲርበው እነዚህን ወዳጆቹን የሚጠራው በስትራይጎልና በዘመዶቹ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ስትራይጎላክቶን ይባላል። ፈንገሱ ጥሪውን ሲሰማ ቅርንጫፍ አውጥቶ ወደ ሥሩ ይገሰግሳል። አቀንጭራ ጆሮ ጠቢ ናት። ለወዳጅ የተላከውን መልእክት ሰምታ ቀድማ ትደርሳለች። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2008፣ ሁለት የምርምር ቡድኖች ደግሞ ይኸው ኬሚካል በተክሉ አካል ውስጥ ሆርሞን ሆኖ እንደሚሠራ፣ ግንዱ ስንት ቅርንጫፍ ማውጣት እንዳለበት እንደሚወስን አረጋገጡ። ስለዚህ "ኬሚካሉን ጨርሶ እናጥፋው" ማለት ቀላል መፍትሔ መሆኑ ቀረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የዚህ ታሪክ መራራው ክፍል ይህ ነውና። ተክሉ ፎስፈረስ ባጠረው መጠን ስትራይጎላክቶን አብዝቶ ያፈሳል፤ የተራበ ጮክ ብሎ ይጣራል። ለዘመናት ተደጋግሞ በታረሰ፣ ፍግ ባጣ፣ ማዳበሪያ ባልቀመሰ መሬት ላይ የቆመ ማሽላ ከማንም በላይ ይጮኻል። አቀንጭራም ከማንም በላይ እዚያ ትበዛለች። ማዳበሪያ መግዛት የሚችለው ገበሬ በመጠኑ ይድናል፤ የማይችለው ሁለት ጊዜ ይራባል። ብዙ ጊዜ ስለ አረም ሲወራ የገበሬው ስንፍና ይነሣል። ይህን ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው እንዲያ ብሎ ሊናገር አይገባውም፤ አረሙ የሚከተለው የአፈሩን ድህነት ነው።

አሁን ወደ ሰውየው እንሂድ።

ገቢሳ ኤጀታ በ1950 ምዕራብ ሸዋ፣ ወሎንኮሚ በምትባል መንደር፣ ባለ አንድ ክፍል ሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ተወለደ። እናቱ "ልጄ ይማራል" አሉና ቆረጡ። ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ልጁ እሑድ ማታ በእግሩ ይሄዳል፣ ሳምንቱን እዚያው ያሳልፋል፣ ዓርብ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ እያለ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ዓለማያ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ። በ1973 ሲመረቅ መምህሩ ከአንድ አሜሪካዊ የማሽላ ሊቅ ጋር አስተዋወቁት። ጆን አክስቴል ይባላል፤ ኢንዲያና የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። የአክስቴል ቡድን በዚያው ዘመን ከወሎ በተገኙ የማሽላ ዓይነቶች ውስጥ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ከወትሮው በዝቶ ማግኘቱን ይፋ አድርጎ ነበር። የወሎ ሰው እንዲህ ያለውን ማሽላ ከድሮም "ወተት በጉንጬ" ይለዋል። ወጣቱ ገቢሳ ከአክስቴል ጋር አገር ለአገር እየዞረ የማሽላ ዘር ሰበሰበ፤ አክስቴልም በትጋቱ ተደንቆ ወደ ኢንዲያና ወሰደው።

ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው። ዶክተር ገቢሳ ትምህርታቸውን በ1978 ጨርሰው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ድርቅ የሚችለውን "ሀጂን ዱራ-1" የተባለውን ዲቃላ ማሽላ አወጡ፤ በ1983 ለገበሬ ተሰጠ፤ ምርቱም ከአገሬው ዘር እጅግ የበለጠ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይበቃኛል ይል ነበር። እርሳቸው ግን ድርቁን ያሸነፈውን ማሽላ አቀንጭራ ሲጥለው አይተዋል። በ1984 ወደ ፐርዱ በመምህርነት ሲመለሱ ይህን ጥያቄ ይዘው ተመለሱ።

ለብዙ ዓመታት አርቢዎች አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ይፈልጉ የነበረው በማሳ ላይ ነበር። አቀንጭራ ያለበት መሬት ላይ ብዙ ዓይነት ማሽላ ይዘራሉ፤ የቆመውን ይመርጣሉ። ችግሩ፣ አረሙ በማሳው ላይ እኩል አይዳረስም። አንዱ ማሽላ የቆመው ጀግና ሆኖ ነው ወይስ ሌባው ሳይደርስበት ቀርቶ? አይታወቅም። ዶክተር ገቢሳ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሆነው ውጊያውን ከማሳ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አመጡት።

ሥራውን ቀርበን እንየው። ጠፍጣፋ የላቦራቶሪ ሳህን አለች፤ ክዳን ያላት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ። ብርሃን የሚያሳልፍ ጄል ይፈስባታል። ጄሉ ውስጥ በእርጥበትና በሙቀት የተዘጋጀ የአቀንጭራ ዘር ተበትኗል፤ ሲረጋ ብናኙ በየቦታው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዳር አንዲት የበቀለች የማሽላ ፍሬ ትተከላለች፤ ሥሯ በሳህኗ ግርጌ እየተሳበ ያድጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተማሪው ሳህኗን ገልብጦ በማይክሮስኮፕ ያያል። ከሥሩ አጠገብ ያሉት የአቀንጭራ ዘሮች ነቅተው ነጭ ጭራ አውጥተዋል፤ ራቅ ያሉት ተኝተዋል። ከሥሩ እስከ መጨረሻዋ ንቁ ዘር ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ርቀቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አልፎ ከሄደ ያ ማሽላ ይጮኻል። ከዚያ ካነሰ ዝም ይላል። አበቃ። ክረምት መጠበቅ የለም፣ የማሳ ዕድል የለም። ዘዴው በ1992 ታተመ። በዚህ መንገድ ዝምተኞቹ ማሽላዎች አንድ በአንድ ተለቀሙ፤ ከሁሉም ስሙ የተነሣው ኤስአርኤን39 የተባለው ነው። ከእርሱ የተወለዱት ዘሮች በ1994 ወደ 8 ቶን ተባዝተው ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተላኩ። በኢትዮጵያም ጎብዬና አብሽር፣ ቆይቶም ብርሃን የሚባሉት ዝርያዎች በ2000 ግድም ለገበሬው ተለቀቁ። ፕሮፌሰር ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ።

ታሪኩ በሽልማት አላለቀም። ዝምተኛው ማሽላ ለምን ዝም አለ? የፐርዱው ቡድን መልሱን ያተመው በ2017 ነው፤ ሳህኗ ከመጣች ከ25 ዓመት በኋላ። ኤልጂኤስ1 የተባለ አንድ ጂን ተቆርጦ ወድቋል። ጂኑ ሲጎድል ማሽላው ጥሪውን አያቆምም፤ የጥሪውን ቅላጼ ይለውጣል። ሥሩ አብዝቶ የሚያፈሰው 5-ዲኦክሲስትራይጎል የተባለው መሆኑ ይቀርና ኦሮባንኮል የተባለው ይሆናል። አቀንጭራ ይህን ሁለተኛውን በደንብ አትሰማውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን በ2020 የታተመው ነው። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን ከየአፍሪካው መንደር የተሰበሰቡ የማሽላ ዘሮችን ጂን ከተሰበሰቡበት ቦታ ካርታ ጋር አስተያየ። ያ ጂን የጎደለው ማሽላ አቀንጭራ በሚበዛበት አገር ይበልጥ ይገኛል፤ አቀንጭራ በሌለበት እምብዛም አይታይም። ይህ ምን ማለት ነው? ላቦራቶሪው ከመታሰቡ ከብዙ ዘመን በፊት በእነዚያ ማሳዎች ላይ ተጠቂው እየወደቀ፣ የቆመው ዛላ ለዘር እየተቀመጠ፣ መልሱ በየጎተራው ሲጠራቀም ኖሯል። ዘር የሚመርጡት፣ ዛላውን ጭስ ላይ የሚሰቅሉት እጆች የዚህ ምርምር ባለቤቶች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስማቸው በጽሑፉ ራስጌ ላይ የለም።

ከማሽላው ጉሮሮ ወደ አቀንጭራ ጆሮ እንሻገር። በ2015 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጃፓኑ የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ዘሩ የሚሰማባቸውን ተቀባይ ፕሮቲኖች ይፋ አደረጉ። አቀንጭራ አንድ ሁለት ሳይሆን 11 ጆሮ አላት፤ አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ የሰላ ነው። የናጎያዎቹ ይህን ለማየት ብልሃት ፈጠሩ፤ ተቀባዩ ሲነካው አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ ሞለኪውል ሠሩ። ከመንቃቱ በፊት ድርቅ ብሎ የተኛው ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ ሲበራ በዓይን ታየ። በ2018 ደግሞ ለዚያ ለሰላው ጆሮ ብቻ የተበጀ ሰው ሠራሽ ሞለኪውል አወጡ። ጉልበቱን ልንገራችሁ፤ ጥቂት የሻይ ማንኪያ የምትሞላ ዱቄት በጣና ሐይቅ ውሃ ሁሉ እኩል ብትበተን፣ ከዚያ የተቀዳ ጠብታ ዘሩን ሊቀሰቅስ ይችላል። ዓላማው ካሮላይና ላይ በጋዝ የተደረገውን በዚህ ማድረግ ነው፤ ማሽላ ከመዘራቱ በፊት ዘሩን በሐሰት ጥሪ ቀስቅሶ ሥር አጥቶ እንዲሞት። ሳዑዲ ዓረቢያ የሚገኘው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የራሱን ሰው ሠራሽ ቅመሞች ቡርኪና ፋሶ ገበሬዎች ማሳ ላይ ወስዶ ሞክሯል፤ የሚበቅለው አቀንጭራ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ታይቷል።

ኬንያ ውስጥ የተደረገውን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። የሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሳንድስና የኬንያ ባልደረቦቹ አቀንጭራን ብቻ የሚያጠቃ ፈንገስ መርጠው በጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ላይ አሳድገው ለገበሬዎች ሰጡ። ገበሬዋ ስንጥሩን በተቀቀለ ሩዝ ውስጥ ትከታለች፤ ፈንገሱ ሩዙን ይወርሳል፤ እርሷም በቆሎ ስትዘራ በየጉድጓዱ ትጨምረዋለች። 500 ማሳዎች ላይ ተሞክሮ የበቆሎ ምርት በ40 በመቶና ከዚያ በላይ ጨምሯል።

የመጨረሻው ወሬ በየካቲት 2025 ከቻይና የመጣ ነው። የቻይና ግብርና ዩኒቨርሲቲና የቻይና ሳይንስ አካዳሚ ተመራማሪዎች ስትራይጎላክቶን ከማሽላው ሥር ወደ አፈር የሚወጣባቸውን ሁለት በሮች አገኙ። ሆርሞኑን ማጥፋት ተክሉን ይጎዳዋል ብለን ነበር፤ እነርሱ ሆርሞኑን ትተው በሩን ዘጉት። በሮቹ የተዘጉበት ማሽላ በአቀንጭራ የመጠቃቱ መጠን ከ67 እስከ 94 በመቶ ቀነሰ፤ የምርት ኪሳራውም በግማሽ ያህል። ይህ ማሽላ ጂኑ በላቦራቶሪ የተነካ ስለሆነ ከሙከራ ማሳ ወደ ገበሬ እጅ ለመድረስ የየአገሩን ሕግ ማለፍ አለበት። በሩ ሲዘጋ ያ ወዳጅ ፈንገስ ምን ያህል ጥሪ እንደሚቀርበትም በየአፈሩ መለካት ይኖርበታል።

አቀንጭራም ዝም ብላ አትጠብቅም። ዘሯ በመዳቀል የሚራባ ስለሆነ አንዷ ከሌላዋ ትለያለች፤ በአንድ ጂን ብቻ የታጠረባትን ማሽላ የምትሰብር ልጅ ከሺዎቹ መካከል ልትወለድ ትችላለች። ስለዚህ ዛሬ አርቢዎች የሚደክሙት ብዙ መከላከያ በአንድ ዘር ውስጥ ለማጠራቀም ነው። ኤን13 የሚባለው የሕንድ ማሽላ የሥሩን ግድግዳ አጠንክሮ ሌባዋን ከደጅ ይመልሳታል፤ ሌሎች ደግሞ የተነከሱበትን ሥጋ ራሳቸው ገድለው ያደርቁባታል። እነዚህን መከላከያዎች ከቅላጼ ለዋጩ ጂን ጋር አዳቅሎ፣ በላዩም ገበሬው የሚወደውን የእንጀራ ጣዕምና የአገዳ ርዝመት ሳያጠፉ ማውጣት ዓመታት ይፈልጋል።

ለመጪው ክረምት በእጅ ያለው ይህ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳና የኢትዮጵያ ባልደረቦቻቸው ለገበሬው ይዘው የቀረቡት ዘሩን ብቻ አልነበረም፤ የሚቋቋመው ዝርያ፣ ውሃ እንዲይዝ ትልሙን በየመካከሉ መከተር፣ ማዳበሪያ፤ ሦስቱ አብረው ሲሆኑ ነው ውጤቱ የሚታየው። ፍግ ያለው ፍጉን ይጨምር፤ አፈሩ ሲጠግብ የማሽላው ጩኸት ይቀንሳል። ሐምራዊው አበባ ብቅ ሊል ሲል ደግሞ መንቀል ነው። የዘንድሮን ማሽላ ላያድን ይችላል፤ ሳታብብ የተነቀለች አንዲት አቀንጭራ ግን ለ10 ዓመት አፈር ውስጥ ሊጠብቁ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮችን ታስቀራለች።